ሙሽራው ሲወድቅ ማን ይስቃል?

የዝናሽ አባት ልጃቸውን ለእኔ ለመስጠት የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንድስቅ። ወርቅ አልጠየቁ፣ ከብት አልጠየቁ፣ ዘሬን እስከ ሰባት ቤት ቁጠር አላሉ። መሳቅ ብቻ። እኔ ደግሞ ያቺኑ አቃተኝ።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ትውልዴ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ነው፤ ፍኖተ ሰላም ሒሳብ አስተምር ነበር። ሁለት ሱሪ ነበረኝ፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ክሬም ቀለም ያለው ለቁም ነገር። ዝናሽ እዚያው ከተማ የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። የተዋወቅነው እግሩ የተሰበረ ተማሪዬን ተሸክሜ የሄድኩ ዕለት ነው። ልጁ ዝም ብሎ እኔ ሳለቅስ አይታ መጀመሪያ ውሃ የሰጠችው ለእኔ ነበር። እንግዲህ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ከዚህ ተረዱልኝ።

አባቷ ጋሽ አለኸኝ ቡሬ ይኖራሉ። በደርግ ጊዜ የተንቀሳቃሽ ሲኒማ ሠራተኛ ነበሩ። ማሽንና ጄኔሬተር በላንድሮቨር ጭነው ገጠር ለገጠር እየዞሩ፣ ስለ ሽንት ቤት አቆፋፈርና ስለ ክትባት የሚያስተምር ፊልም ያሳያሉ። ሕዝቡ ትምህርቱን ታግሦ ካየ በኋላ እንደ ምርቃት አንድ አጭር የፈረንጅ ኮሜዲ ያሳዩታል፤ ድምፅ የሌለው፣ ጥቁርና ነጭ። መንግሥት ሲለወጥ መኪናው ሄደ፣ ሥራውም ቀረ። ያረጀው ማሽንና የኮሜዲው ጥቅል ግን ጡረታ እንደወጣ ሰው እሳቸው ቤት ገብተው ቀሩ።

ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አጎቴ ጥሩነህ ነበር። ሲመለስ ነጠላውን ትከሻው ላይ ሦስት ጊዜ ካገላበጠ በኋላ ነው አፉን የከፈተው።

«እንቢም አላሉ፣ እሽም አላሉ። ልጁ ራሱ ይምጣና ፊልም ይይ ነው ያሉት።»

«ምን ፊልም?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ሽምግልና ስሄድ ስንት ዘመኔ ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቸ አላውቅም።»

ለዝናሽ ስነግራት አልገረማትም። «በቃ ሳቅ፣ ይርጋ» አለችኝ። «ባይመጣልህም ሳቅ።»

«ከእኔ በፊት የመጣ አለ እንዴ?»

«ሁለት። አንዱ አልሳቀም። አንዱ ደግሞ ያለቦታው ሳቀ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ክሬም ሱሪዬን ለብሼ ቡሬ ሄድኩ። ጋሽ አለኸኝ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ ሰው ናቸው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ከልለው፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረው ጠበቁኝ። እኔን ወንበር ላይ አስቀምጠው እሳቸው ከማሽኑ አጠገብ ቆሙ። ዓይናቸው አንሶላው ላይ አልነበረም፤ እኔ ፊት ላይ ነበር።

ማሽኑ እየተንጣጣ ጀመረ። አንድ ሸንቃጣ ሙሽራ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ አበባ ይዞ ወደ ሠርጉ ለመሄድ ከቤቱ ይወጣል። ብቻውን ነው። ልብሱ እንዳይቆሽሽ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ደረጃውን ይወርዳል። ከታች ትልቅ የጭቃ ኩሬ አለ። እግሩ ተንሸራተተ፤ እጁን አየር ላይ አወናጨፈ፤ በግንባሩ ጭቃው ውስጥ ተደፋ።

«እኔን!» ብዬ ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

ማሽኑ ቆመ።

«ምን አልህ?» አሉ ጋሽ አለኸኝ።

«አመለጠኝ ጋሼ።»

«ማንን ነው እኔን የምትለው? ሰውየው ተሞተ ስንት ዘመኑ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ይህም አመለጠኝ።

ዝናሽ ከበሩ ጀርባ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ማሽኑ እንደገና ተነሣ። ሙሽራው ጭቃውን ሊያጥብ ወደ ቧንቧ ሲሄድ ቀለም ቀቢ አጠገቡ ያስቀመጠው ባልዲ ውስጥ እግሩን ነከረ። ከንፈሬን ነከስኩ። ከዚያ ዶሮ ቤት ውስጥ ወደቀ። እናቴ ያሳደገችኝ ሰው ሲወድቅ እኔን እንድል ነው፤ ለእንቅፋት እንኳ ሳልል ባልፍ ማታ ስትቆጣኝ ነው የምታድረው። እንደምንም ልሳቅ ብዬ አፌን ብከፍት የወጣው ድምፅ ገለባ ያነቀው ጥጃ ድምፅ ሆነ።

ፊልሙ ሲያልቅ ጋሽ አለኸኝ ኮፍያቸውን አውልቀው የማሽኑ ዓይን ላይ ደፉበትና፣ ጎኑ ላይ ያለውን መቀልበሻ ወደ ኋላ መልሰው ጥቅሉን ማጠንጠን ጀመሩ።

«ለምንድን ነው የሸፈኑት ጋሼ?» አልኩ፤ ወሬ ለማስቀየስ ነው።

«ሲመለስም መብራቱ ስለማይጠፋ ነዋ። ፊልም የኋሊት ማሳየት ነውር ነው።» እያጠነጠኑ ቀጠሉ። «ይህንን ፊልም ሊበን አሳይቸ ሰው መሬት ለመሬት ተንከባሏል። ጢስ ዓባይ ላይ ተፏፏቴው ድምፅ በላይ የሰው ሳቅ ተሰምቷል። እናንተ የዛሬ ልጆች ግን ጥይት ካልተተኮሰ ፊልም አይመስላችሁም። ሳቅ ጠፍቶባችኋል።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ሁለተኛውን አማራጭ ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

«ፊልሙ አርጅቶ ቢሆንስ ጋሼ?»

ኮፍያውን ከማሽኑ ላይ አንሥተው ቀስ ብለው ደፉ። «እንግዲያው ላንተ ተማሪዎች እናሳይ» አሉ። «ከሳቁ ጉድለቱ ያንተ ነው፤ ሳቅ ለማያውቅ ሰው ልጄን አልሰጥም። ካልሳቁ ፊልሙ ሞቷል ማለት ነው። ያኔ ልጅቱን ትወስዳለህ፤ ፊልሙን እኔ ጓሮ እቀብረዋለሁ።»

ዝናሽ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችኝ። «አሸንፍ» አለችኝ። ጥቂት ሄደን ደግሞ፣ «አሸንፈህም አባባን እንዳታሳዝንብኝ» አለችኝ።

«ሁለቱ እንዴት አብሮ ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ስሌት የምታውቅ አንተ ነህ።»

አሰላሁ። ከስሌቱ የወጣው ተንኮል ነበር። ተማሪዎቼን አውቃቸዋለሁ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ውሻ ሲያዛጋ አይተው የሚስቁ ናቸው። ወላጆቻቸው ፊት ግን ሌላ ሰዎች ይሆናሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ጥርሳቸውን የሚደብቁ ናቸው። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ ፊልሙ በወላጆች ቀን ይታይ ብዬ ለመንኩ። «ለወላጆች ምን የመሰለ መዝናኛ ነው» አሉ እሳቸው፤ ተንኮሌን በምን ያውቁታል። በዚያ ሌሊት ለጥ ብዬ ተኛሁ።

የወላጆች ቀን ሰኔ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። ወላጆች ከየገጠሩ ጭቃውን እየረገጡ መጥተው አዳራሹን ሞሉት። መስኮቶቹን የምንሸፍንበት ሲጠፋ አባቶች ጋቢያቸውን እያወለቁ ሰጡን። ጋሽ አለኸኝ ከቡሬ በአውቶቡስ መጡ፤ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አቅፈው፣ የድሮ የመሥሪያ ቤታቸውን ካኪ ኮት እስከ አንገታቸው ቆልፈው። ጥቅሉን ዝናሽ ይዛለች። ሽልማቱና ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ የማሽኑን መስታወት በመሐረብ ሲወለውሉ ቆዩ። ተራቸው ሲደርስ መድረኩ ላይ ወጥተው፣ «የተከበራችሁ ወላጆችና ተማሪዎች፤ አሁን ትስቃላችሁ» አሉና ወርደው ማሽኑን አስነሡ።

ሙሽራው ከቤቱ ወጣ። በጣቶቹ እየተራመደ ደረጃውን ወረደ።

«ምነው ብቻውን?» አሉ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት። «ሚዜዎቹ የት ሂደው ነው?»

ተንሸራተተ። ተደፋ።

አዳራሹ ባንድ አፍ «እኔን!» አለ። አባት፣ እናት፣ ተማሪ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የግቢው ዘበኛ ሳይቀሩ። ርእሰ መምህሩም ብለዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ቤት ነበር። ባልዲው ውስጥ ሲገባ አንድ አባት ተነሥተው፣ «አጠገቡ የቆመው ሰውየ ምን ይሠራል? ያዘው እንጅ!» ብለው አንሶላው ላይ ያለውን ቀለም ቀቢ ተቆጡት። ዶሮ ቤቱ ውስጥ ሲወድቅ እናቶች ከንፈር መጠጡ። «እንዲህ ያለ ቀን ለጠላትም አይስጥ» አሉ። ከኋላ አንድ ተማሪዬ «ኪ» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ አባቱ ዞር ብለው ሲያዩት «ኪ»ው እዚያው ቀረ። ሙሽራው ሰባት ጊዜ ወደቀ። ሰባት ጊዜ እኔን ተባለለት። በመጨረሻ ከእግር እስከ ራሱ ጠቁሮ ሠርጉ ቤት በር ላይ ሲደርስ ሙሽሪት አይታው ራሷን ሳተች፤ በሩም ተዘጋበት። ፊልሙ አለቀ።

«ሳታገባው ቀረች በሉኝ?» አሉ እኒያ እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጋሽ አለኸኝ ሄዱ። «እግዜር ያጥናዎ። የሥጋ ዘመድዎ ነው?»

ሌሎችም ተከተሏቸው። ሰዎቹ ተራ በተራ የጋሽ አለኸኝን እጅ እየጨበጡ ያጽናኗቸው ጀመር።

አሸነፍኩ። ዝናሽ የእኔ ሆነች። ከዚያ ጋሽ አለኸኝን አየኋቸው። አንድ እጃቸው ማሽኑ ላይ ነው፤ አንዱን ሕዝቡ እየተቀባበለው ነው። በዚያ ካኪ ኮት ውስጥ ሰውነታቸው ያነሰ መሰለኝ። «ዘመዴ አይደለም» ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ዝናሽ እሳቸውን አታይም፤ የምታየው እኔን ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም።

ጋሽ አለኸኝ ኮፍያቸውን አውልቀው የማሽኑን ዓይን ሊሸፍኑ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩት።

«ጋሼ፣ አይሸፍኑት።»

«ምን?»

«ሲመልሱት ሕዝቡ ይየው።»

«የኋሊት? ነውር ነው አላልሁህም?»

«ሰዎቹ ሙሽራው ወድቆ ቀረ ብለው እያዘኑ እኮ ነው። ሳናነሣላቸው ይሂዱ?»

ምን እያደረግኩ እንደሆነ እሳቸውም ገብቷቸዋል፤ ከሳቁ ልጅቱን አጣለሁ። ኮፍያውን ቀስ ብለው ራሳቸው ላይ መለሱት። መቀልበሻውን ወደ ኋላ ሳቡት።

የተዘጋው በር ተከፈተ። ሙሽሪት ከወደቀችበት እንደ ላባ ብድግ አለች። የጠቆረው ሙሽራ የኋሊት እየተራመደ ሄደ፤ ዶሮዎቹ የኋሊት እየበረሩ ወደ ቆጣቸው ገቡ፤ ቀለሙ ከሱሪው ላይ እየዘለለ ባልዲው ውስጥ ተመለሰ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ያ የመጀመሪያው ጭቃ ደረሰ። ሙሽራው ተደፍቶ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በግንባሩ ከጭቃው ተነቅሎ፣ ጭቃው ሁሉ ከላዩ እየተንጠባጠበ ወደ ኩሬው ወርዶ፣ ነጭ በነጭ ሆኖ ደረጃው ላይ ቆመ።

«ተነሣ!» አሉ እኒያ እናት። «ኧረ ንጹሕ ሁኖ ተነሣላችሁ!»

እልል አሉ። እናቶች ሁሉ ተቀበሏቸው። ያ «ኪ» ያለው ልጅ ያፈነውን ሁሉ ባንዴ ለቀቀው፤ አባቱ ሊቆጡት ዞር ብለው እሳቸውም ፈነዱ። ቀለም ቀቢውን የተቆጡት አባት ወንበሩን ይዘው ያለቅሳሉ። ርእሰ መምህሩ ዕንባቸውን በከረባታቸው ይጠርጋሉ። «ድገሙልን!» ተባለ። ጋሽ አለኸኝ ከመጀመሪያው ደገሙላቸው፤ አሁንማ ሙሽራው ገና እግሩን ሲያነሣ ጀምረው ይስቁ ገቡ። እንደሚነሣ አውቀዋላ! ሰባቱም መውደቅ ሰባት ሠርግ ሆነ። እኔም ልስቅ ፈለግኩ፤ ግን ተሸንፌያለሁና ሳቁ አልመጣልኝም።

ፊልሙ ሲያልቅ ማሽኑን ተሸከምኩ። ቢያንስ አውቶቡስ ተራ ላድርስላቸው ብዬ ነው። ጋሽ አለኸኝና ዝናሽ ከኋላዬ ተከተሉኝ። ውጪ ዝናቡ በርትቷል። የአዳራሹ ደረጃ አራት ነው፤ ከታች ደግሞ ሰኔ የሠራው ኩሬ። ክሬም ሱሪዬን ለማትረፍ በጣቶቼ ተራመድኩ።

አዎ። በጣቶቼ።

የቀኝ እግሬ ወደ ባንዲራው ምሰሶ ሄደ፤ ግራው ወደ አዳራሹ። ማሽኑን ብቻ አሰብኩ። በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አንሥቼ፣ በቂጤ ደረጃ በደረጃ ወርጄ፣ ኩሬውን ሰንጥቄ ምሰሶው ሥር ቁጭ አልኩ። ከአዳራሹ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ ባለበት ደረቀ።

«እኔን! እኔን ልጄን!»

ድምፁ የአንድ ሰው ነው። ጋሽ አለኸኝ ኮፍያቸው ወድቆ፣ ካኪ ኮታቸው ተከፍቶ እየሮጡ ይመጣሉ። አጠገቤ ደርሰው ቆሙ። ምን እንዳሉ ያን ጊዜ ሰሙት መሰለኝ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ማሽኑ ደህና ነው ጋሼ» አልኩ።

«ማሽኑ ገደል ይግባ፤ አንተ ተርፈሃል ወይ?»

ሊያነሡኝ እጄን ሳቡ፤ እግራቸው ከዳቸው፤ ከነኮታቸው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«እኔን ጋሼ» አልኩ። ይህም አመለጠኝ።

አገጫቸው ተንቀጠቀጠ። ማን እንደጀመረ አላውቅም። እኔ ከሆዴ የማላውቀው ሳቅ ወጣ፤ ማሽኑ ጭኔ ላይ እስኪዘል ድረስ ሳቅኩ። እሳቸው ጭቃውን በመዳፋቸው እየመቱ ሳቁ። ሕዝቡ መጀመሪያ እኔን አለ፣ ከዚያ ፈቃድ እንዳገኘ ሰው ሁሉ ሳቀ። ዝናሽ የባንዲራውን ምሰሶ ይዛ ተንበረከከች።

«እውነቱን ልንገርህ» አሉ ጋሽ አለኸኝ ትንፋሽ ሲያገኙ። «ሊበን ላይም አልሳቁም። ጢስ ዓባይም አልሳቁም። በሄድሁበት ሁሉ እኔን ነው የሚሉ። ሹፌሬ እንኳ ፊቱን ያዞር ነበር። ስንት ዘመን ብቻዬን ስስቅ ኖርሁ። አማች ስመርጥ እኮ አብሮኝ የሚስቅ አንድ ሰው ስፈልግ ነው።»

ዝናሽ ነጠላዋን እያራገፈች መጣች። «አባባ፣ ልጆቹ ስለሳቁ እንግዲህ ይርጋ ተሸነፈ ማለት ነው?»

ጋሽ አለኸኝ ዙሪያቸውን አዩ። እኒያ እናት፣ ርእሰ መምህሩ፣ ሊቀመንበሩ፣ ሁሉም ቆመው ይሰማሉ።

«ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ልጄ ብየዋለሁ» አሉ። «ያልሁትን እንዴት አድርጌ እመልሰዋለሁ?»

እናቶቹ ለሁለተኛ ጊዜ እልል አሉ።

የሠርጌ ዕለት አማቴ ለሚዜዎቼ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡ፤ ሙሽራው ብቻውን እንዳይራመድ። ሁለቱ ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው፣ እግሬ መሬት ሳይነካ ቡሬ አስገቡኝ።

እኔ ከዚያች ቀን በፊት ደግ ሰው የሚስቅ አይመስለኝም ነበር። ሳቅ የሌላውን ውድቀት መውደድ መስሎኝ ስጠነቀቅ ኖርኩ። ጭቃው ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ከእኔን ቀጥሎ መሳቅ እንደሚቻል የገባኝ። አሁን ክፍል ውስጥ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት መጀመሪያ እኔን እላለሁ፤ ከዚያ እሱ ራሱ ይስቃል፤ ሁላችንም እንስቃለን፤ ስሕተቱንም አይረሳውም። እናንተም የድሮ ኮሜዲ ለልጆቻችሁ አሳይታችሁ ሳይስቁ ቢቀሩ ፊልሙንም ልጆቹንም ለመውቀስ አትቸኩሉ። ምናልባት ለሰውየው አዝነው ይሆናል። እንደሚነሣ አሳዩአቸውና ያኔ ፍረዱ።

ባለፈው ክረምት ልጃችን አራት ዓመት ሲሞላት ቡሬ ወሰድናት። ጋሽ አለኸኝ አርጅተዋል፤ ማሽኑ ግን ይሠራል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈኑ፣ እሷን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፣ ዓይናቸውን ፊቷ ላይ ተከሉ። እኔና ዝናሽ ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። ሙሽራው ደረጃውን በጣቶቹ ወረደ። ተንሸራተተ። ተደፋ።

ልጅቱ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ «እኔን» አለች።

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። «ይች ያንተው ናት» አሉና፣ እየሳቁ መቀልበሻውን ወደ ኋላ ሳቡላት።